ደቡብ ሱዳን በቅርጫት ኳስ ሜዳ፦ ኩራቷ እና የውጭው ዓይን

ጁላይ 28 ቀን 2024 ነው። ሰሜን ፈረንሳይ፣ ሊል አጠገብ ባለው ፒየር ሞሯ ስታዲየም የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ቡድን ለብሔራዊ መዝሙር ተሰልፏል። አገሪቱ በኦሎምፒክ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት የመጀመሪያዋ ነው። ተጋጣሚዋ ፖርቶ ሪኮ ናት። ሙዚቃው ተከፈተ። የተከፈተው ግን የሱዳን መዝሙር ነበር።

ከተመልካቹ መሀል ጩኸትና ፉጨት ተነሣ። መዝሙሩ ተቋረጠ። ጥቂት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ትክክለኛው መጣ። ተጫዋቾቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ፤ ስታዲየሙ አጨበጨበ። አዘጋጆቹም ይቅርታ ጠየቁ። ጨዋታውን ደቡብ ሱዳን 90 ለ 79 አሸነፈች።

ስህተት መሆኑን አልጠራጠርም። ከሁለት ቀን በፊት በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ደቡብ ኮሪያም ሰሜን ኮሪያ ተብላ ተጠርታ ነበር። ስለዚህ ሆን ተብሎ ድሃ አገር ተናቀ ማለት አይቻልም። ግን ያ መዝሙር ለእነዚያ ልጆች ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ ብሔራዊ መዝሙር ያደረገችው ቀደም ሲል የሱዳን መከላከያ ኃይል የሚዘምረውን ነው። ደቡቦቹ ደግሞ ከካርቱም ጦር ጋር ከ1955 እስከ 1972፣ ከዚያም ከ1983 እስከ 2005 ተዋግተዋል። ሜዳው ላይ ከቆሙት ልጆች የብዙዎቹ ቤተሰብ አገር ጥሎ የወጣው ያንን ጦርነት ሸሽቶ ነው። አንድ ሠራተኛ የተሳሳተ ፋይል ከፈተ። እነሱ የሰሙት ግን ወላጆቻቸውን ያሳደደውን ጦር መዝሙር ነው።

ይህን ጉዳይ ለማጥናት የመረጥኩት በዚያች ስህተት ምክንያት ብቻ አይደለም። ከጁላይ 2024 እስከ ኤፕሪል 2025 ባሉት ዘጠኝ ወራት ዓለም ደቡብ ሱዳንን በሁለት ዓይን አያት። መጀመሪያ እንደ ተአምር፣ በኋላ ደግሞ እንደ ችግር። ሁለቱም እይታ ዋናውን ነገር ስቷል ብዬ አምናለሁ። የደቡብ ሱዳናውያን ኩራት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ሰው የሠራው ነው፤ እንዴት እንደተሠራም ይታወቃል። ያ ኩራት አገር እንጂ መንግሥት ለማመስገን የተፈጠረም አልነበረም። (በጽሑፉ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ሰንጠረዥ አናት ላይ

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ 98.83 በመቶው መለየትን መርጧል። መዝሙሩ ከነጻነቱ በፊት በውድድር ተመርጦ፣ የጁባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ዜማ ሠሩለት። ለነጻነት ከ50 ዓመት በላይ የጠበቀ ሕዝብ ነው። ደስታው ልክ አልነበረውም።

ደስታው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ዲሴምበር 2013 ጁባ ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። የፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የቀድሞ ምክትላቸው የሪክ ማቻር ጠብ ወደ ብሔር ግድያ ዞረ። በ2018 የወጣ ጥናት በጦርነቱ ምክንያት ወደ 383 ሺህ ሰው ማለቁን ገምቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ በቀጥታ በጥቃት፣ የቀሩት በረሃብ፣ በበሽታና ሕክምና በማጣት ነው የሞቱት። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከአገር ወጣ።

በ2014 ፈንድ ፎር ፒስ የተባለው ድርጅት በየዓመቱ የሚያወጣው የተሰባሪ አገሮች ሰንጠረዥ ደቡብ ሱዳንን አንደኛ ላይ አስቀመጣት። ያንን ቦታ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት ይዛው የቆየችው ሶማሊያ ነበረች። ሰንጠረዡ 12 መለኪያዎች አሉት። እያንዳንዱ ከ10 ይታረማል፤ ነጥቡ በጨመረ ቁጥር አገሪቱ ለመፍረስ የቀረበች ናት ማለት ነው። ደቡብ ሱዳን ከ120 ወደ 113 የሚጠጋ ነጥብ አገኘች።

ቁጥሩ ስለ መንግሥቱ የተናገረው ነገር ሐሰት አልነበረም። ጥፋቱ ሰንጠረዡን ካነበቡት ነው። የመንግሥት ድክመት የሕዝቡ ጠባይ ተደርጎ ተወሰደ። ስለ አገሪቱ ዜና ሲጻፍ ስሟ ብቻዋን አትቀርብም፤ ከፊቷ "በጦርነት የደቀቀችው" የሚል ይቀጠላል። ኢትዮጵያውያን ይህን ስሜት ማንም እንዲነግረን አያስፈልገንም። ከ77ቱ ረሃብ (ይህ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) በኋላ ለስንት ዓመት ውጭ አገር ራሱን ያስተዋወቀ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የተጠየቀው ስለ ረሃብ ነበር። እንዲያም ሆኖ ስለ ጎረቤታችን እኛም የምናውቀው ያንኑ ነው። የ1972ቱም የ2018ቱም የሰላም ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ ነው። ጋምቤላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞቻቸውን አስጠልላለች። ስለ ደቡብ ሱዳን ስናወራ ግን ጦርነቱን፣ ስደቱንና የከብት ዘረፋውን አልፈን አንሄድም።

ባንዲራ ያልነበረው ሯጭ

ከቅርጫት ኳሱ በፊት የነበረውን ማየት ይጠቅማል። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ደቡብ ሱዳን ገና የኦሎምፒክ ኮሚቴ አልነበራትም። ማራቶን ሯጩ ጓር ማሪያል ሚኒማውን አሟልቷል፤ የሚወክለው አገር ግን የለውም። ለሱዳን ይሩጥ የሚል ሐሳብ ቀረበለት። እምቢ አለ። በጦርነቱ ብዙ ዘመዶቹን ያጣ ሰው ነው። በመጨረሻ በዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ባንዲራ ስር ሮጦ 47ኛ ወጣ። አገሩ የኦሎምፒክ አባል የሆነችው በኦገስት 2015 ነው። በሪዮ 2016 ባንዲራዋን ይዞ የገባውም እሱ ነው።

በዚያው በሪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ተቋቋመ። አሥር አባላት ነበሩት፤ አምስቱ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ሯጮች ናቸው። የቡድኑን ባንዲራ የያዘችውም ከእነሱ አንዷ፣ ሮዝ ሎኮንየን ነበረች። ዓለም በደስታ ተቀበላቸው። ይገባቸዋልም። ግን በአንድ ኦሎምፒክ ላይ ከአንዲት አገር ሦስት ሰው በአገሩ ባንዲራ፣ አምስት ሰው ደግሞ በስደተኝነት ሲሰለፍ የውጭው ሰው የሚያስታውሰው ስደተኝነቱን ነው።

አንድ የተለየ ምሳሌ ሳልጠቅስ አላልፍም። ማኤባሺ የተባለች የጃፓን ከተማ በኖቬምበር 2019 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የሚዘጋጁ አራት የደቡብ ሱዳን አትሌቶችንና አሰልጣኛቸውን ተቀበለች። በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ አንድ ዓመት ሲራዘም ወደ ቤታችሁ ሂዱ አላለቻቸውም። ከመላው ጃፓን በተዋጣ ገንዘብ እስከ 2021 ድረስ አቆየቻቸው። የከተማው ሰው እነዚህን ልጆች ሜዳ ላይ ሲሠሩ እያየ በስማቸው ነው የለመዳቸው። የውጭ ዓይን ሁሉ አንድ አይደለም።

ፌዴሬሽኑን የሠራው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ደቡብ ሱዳናውያን ረጃጅሞች መሆናቸውን ዓለም ያወቀው በማኑት ቦል ነው። 2 ሜትር ከ31 ሴንቲሜትር ይረዝም ነበር። በ1985 ወደ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ ሲገባ ብዙ ሰው እንደ ትርኢት ነበር የሚያየው። እሱ ግን ያገኘውን ገንዘብ ለደቡቡ ትግልና ለተፈናቃዮች አፈሰሰው። የሞተው በጁን 2010 ነው። ለሕዝበ ውሳኔው ወራት ብቻ ቀርተው ነበር። ግብፅ ውስጥ በስደት የነበሩ ልጆችን ቅርጫት ኳስ ያስተማራቸው እሱ ነው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ሉኦል ዴንግ ነው።

ዴንግ ዋው ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ከዚያም ወደ ለንደን ተሰደደ። ከዚያ አሜሪካ ሄዶ ተማረ፤ በ2004 ኤንቢኤ ገባ፤ ለቺካጎ ቡልስ ብዙ ዓመት ተጫወተ፤ ሁለት ጊዜ ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ (ኦል ስታር) ተመረጠ። በለንደኑ ኦሎምፒክ ጓር ማሪያል ያለ አገር ሲሮጥ ዴንግ ለብሪታንያ ይጫወት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ተመቻችቶ መኖር ይችላል። እሱ ግን በኖቬምበር 2019 የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ።

የተረከበው ፌዴሬሽን በወረቀት ያለ ነገር ነበር። አገሪቱ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) አባል የሆነችው በ2013 ነው፤ ጦርነቱ በተነሣበት ዓመት ማለት ነው። ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚሆን ጣሪያ ያለው አዳራሽ የለም። ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን በጀት የለም። ዴንግ ትኬቱን፣ ሆቴሉንና የልምምድ ቦታውን ከኪሱ መክፈል ጀመረ። መጀመሪያ ላይ አሰልጣኙም ራሱ ነበር። በየዓለሙ ተበትነው የሚጫወቱትን ልጆች አንድ በአንድ እያፈላለገ ደወለላቸው። አውስትራሊያ ያደገ አለ፣ አሜሪካ ያደገ አለ፣ ካናዳ ያደገ አለ። ብዙዎቹ የአገራቸውን ምድር በልጅነታቸው ከለቀቁ ወዲህ አልረገጡም። አንዳንዶቹ ጨርሶ አያውቋትም።

በ2021 አሰልጣኝነቱን የያዘው ሮያል አይቪ ነው። ዴንግና አይቪ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረው ተጫውተዋል። አይቪ በኤንቢኤ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሲሠራ ክረምቱን ለደቡብ ሱዳን ሰጠ። በዚያው ዓመት ኪጋሊ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፎ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ፈጣን ነው። ለ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከ12 ጨዋታ 11ዱን አሸነፉ። አንዱንም ጁባ ላይ አልተጫወቱም፤ ሜዳ የለማ! ትኬታቸውን የቆረጡት አሌክሳንድሪያ ላይ ሴኔጋልን 83 ለ 75 አሸንፈው ነው። ፊሊፒንስ ላይ በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ጨዋታቸው በፖርቶ ሪኮ በጭማሪ ሰዓት 101 ለ 96 ተሸነፉ። ቻይናን 89 ለ 69 ረቱ። በመጨረሻ አንጎላን 101 ለ 78 አሸንፈው ከአፍሪካ ቡድኖች አንደኛ ሆኑ። ያ ደረጃ በቀጥታ ወደ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የሚያስገባ ነበር።

ዴንግ ሥራውን ከጀመረ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ከሜዳው ውጤት ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የተቋሙ አሠራር ነው። ግልጽ ግብ ነበራቸው። አሰልጣኝ በየሽንፈቱ አልቀያየሩም። ተጫዋቹ ሲጠራ ይመጣል፣ ትኬቱ ደርሶት ይገኛል፣ የሚተኛበት አልጋ አለ። ቀላል ነገር ይመስላል። በአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ታሪክ ግን በአበልና በትኬት ጠብ ስንት ጥሩ ትውልድ እንደባከነ የሚያውቅ ሰው ቀላል አይለውም።

አንድ ነጥብ

ጁላይ 20 ቀን 2024፣ ኦሎምፒኩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ደቡብ ሱዳን ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ገጠመች። አቋማሪዎቹ አሜሪካ በ43.5 ነጥብ ታሸንፋለች ብለው ነበር። እረፍት ላይ ውጤቱ 58 ለ 42 ሆነ። የመራችው ደቡብ ሱዳን ናት! የደቡብ ሱዳኑ ካርሊክ ጆንስ በነጥብም፣ በተመላሽ ኳስም፣ ለጎል በማቀበልም ባለ ሁለት አኃዝ አስመዘገበ። ጨዋታው ሊያልቅ 8 ሰከንድ ሲቀር የአሜሪካው ሌብሮን ጀምስ ሰንጥቆ ገብቶ አስቆጠረ። 101 ለ 100። አሜሪካ በአንድ ነጥብ አመለጠች።

በማግስቱ ዓለም ስለ ደቡብ ሱዳን ያወራው እንዴት ነበር? "የቤት ውስጥ ሜዳ የሌላቸው ስደተኞች አሜሪካን ሊያሸንፉ ነበር" በሚል። እውነት ነው። ተጫዋቾቹም አሰልጣኙም ራሳቸው ይሉታል፤ በዚያም ይኮራሉ። ግን ይህ አተራረክ አንድ ነገር ይደብቃል። ሜዳ ላይ የነበሩት ከመንገድ የተጠሩ ሰዎች አይደሉም። ዌንየን ጋብርኤል ለሌከርስ ተጫውቷል። ጄቲ ቶር ለሻርሎት ሆርኔትስ ተጫውቷል። ጆንስ በ2023 የኤንቢኤ ታዳጊ ሊግ ኮከብ ነበር። ቡል ኩኦል በአውስትራሊያ ሊግ የሚታወቅ ተጫዋች ነው። አሰልጣኙ በኤንቢኤ የሚሠራ ሰው ነው። እነዚህን ሰዎች ስፔን ብትሰበስባቸው "ተአምር" አይባልም፤ "ጥሩ ቡድን" ነው የሚባለው።

ስለዚህ ተአምር የሚለው ሙገሳ ከ"ፈረሰች አገር" ወሬ ብዙም አይርቅም። ሁለቱም የሚነሡት ከዚያች አገር ምንም አይጠበቅም ከሚል ሐሳብ ነው። አንዱ ባለመጠበቁ ያዝናል፣ ሌላው ባለመጠበቁ ይደነቃል። የሠራውን ሰው ሥራ ግን ሁለቱም አይቆጥሩትም።

በፓሪሱ ውድድር ራሱ ነገሩ ብዙ አልሄደም። ከፖርቶ ሪኮው ድል በኋላ በአሜሪካ 103 ለ 86፣ በሰርቢያ 96 ለ 85 ተሸንፈው ከምድባቸው ወጡ። ሰርቢያ በዚያ ውድድር ነሐስ ወሰደች፤ አሜሪካ ወርቅ።

"ይሄ የአገሪቱ ቡድን ነው ወይ?"

በቡድኑ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ በአክብሮት መመለስ አለበት። ውጭ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ጁባ ውስጥ ያለውን ሕይወት አያውቁም፤ ጆንስማ አሜሪካዊ ነው ይባላል። የጆንስን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። ፊባ ለእያንዳንዱ ቡድን በኋላ ዜግነት ያገኘ አንድ ተጫዋች ይፈቅዳል፤ ብዙ አገሮችም ይጠቀሙበታል።

የሌሎቹ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የደቡብ ሱዳን ስደት ከአገሪቱ ታሪክ ውጭ ያለ ነገር አይደለም። ለ40 ዓመት ገደማ የተዋጋ ሕዝብ ልጆቹን ካኩማ፣ ካይሮ፣ ጋምቤላ፣ ሜልበርን ነው ያሳደገው። ካርቱም ተወልዶ፣ ግብፅ ተሰድዶ፣ አሜሪካ ያደገ ልጅ የዚያች አገር ሰው ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ካማን ማሉዋችን ውሰዱ። ሩምቤክ ተወለደ፤ በሕፃንነቱ ቤተሰቡ ወደ ኡጋንዳ ወጣ፤ ካምፓላ አደገ። ቅርጫት ኳስ የጀመረው ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ ሴኔጋል ወዳለው የኤንቢኤ አካዳሚ ገባ። ፓሪስ ላይ የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ተሰለፈ። ይህ ታሪክ ከብዙ እኩዮቹ የሚለየው በመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው።

ክርክሩ ትክክል የሚሆንበት ቦታ ግን አለ። አገር ውስጥ ያለው ሊግ ደካማ ነው። በ2022 የጁባው ኮብራ ስፖርት በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ መሳተፉ ጥሩ ጅምር ነበር። ጁባ፣ ማላካል ወይም ቦር ላይ የሚያድግ ልጅ ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚወጣበት መንገድ ግን ገና ጠባብ ነው። አገሪቱ 64 ብሔረሰቦች አሏት ይባላል። ዴንግ ደጋግሞ የሚናገረው ስፖርቱ ከብሔር በላይ መሆኑን ነው። ይህ ነገር ጁባ ውስጥ አዲስ አይደለም። ከ2016 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ የብሔራዊ አንድነት ቀን የሚባል የስፖርት ዝግጅት አለ። ከየግዛቱ የመጡ ወጣቶች አንድ ላይ እየበሉ፣ አንድ ላይ እያደሩ ይወዳደራሉ። እንዲህ ያለው ዝግጅት ካሜራ አይበዛበትም። እኔ ግን የአሜሪካውን ጨዋታ ያህል ዋጋ እሰጠዋለሁ።

ኩራት ለማን?

በእንዲህ ያለ ድል ጊዜ የሚመጣ አደጋ አለ። ባለሥልጣን ባንዲራውን ከተጫዋቹ ተቀብሎ ፎቶ ይነሣል። የመንግሥትን ጥፋት የሚናገር ሰው ደግሞ "የአገር ስም አታጥፋ" ይባላል። ድሉ የሌላው ሁሉ ነገር መሸፈኛ ይሆናል።

በዚያው በ2024 ጁባ ውስጥ ምን ነበር? በፌብሩዋሪ በሱዳን ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧው ተበላሸ። አገሪቱ የምትኖርበት ገቢ ቀነሰ። መምህራን፣ ነርሶችና ወታደሮች ለብዙ ወራት ደሞዝ አላዩም። ኦሎምፒኩ ካለቀ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ መንግሥት ለዲሴምበር የታቀደውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ምርጫ ወደ ዲሴምበር 2026 አራዘመው። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በዚያ ዓመት የሙስና ሰንጠረዡ ለደቡብ ሱዳን ከ100 ነጥብ 8 ሰጣት። ከ180 አገሮች የመጨረሻዋ ናት።

እነዚህን ቁጥሮች መጥቀስ አገሪቱን ማዋረድ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ደሞዝ ያልተከፈላት መምህርት ቁጥሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ለንደን ላይ 58 ለ 42 ሲሆን ጮቤ የረገጠውም እሷው የምትኖርበት ሰፈር ነው። ሁለቱን አብራ ትይዛለች። አገሯን ትወዳለች፤ አስተዳደሯን ታውቀዋለች። ከውጭ የሚመለከተው ሰው አንዱን ሲያይ ሌላውን የሚጥለው ለምንድነው? መልሱ ይመስለኛል፣ ለሩቅ አገር የምንሰጠው ቦታ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።

ሰንጠረዦቹም መንግሥትን ለመጠየቅ እስካገለገሉ ድረስ ይጠቅማሉ። ሰውን ለመመዘን ሲውሉ ግን ጉዳት አላቸው። የሚቀጥለው ክስተት ይህንኑ ያሳያል።

ኤፕሪል 5

ማሉዋች ከኦሎምፒኩ በኋላ አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በኤፕሪል 5 ቀን 2025 ምሽት ቡድኑ ሳን አንቶኒዮ ላይ በአገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ከሂዩስተን ጋር ይጫወታል። በዚያው ዕለት የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ መግለጫ አወጡ። የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ቪዛ ሁሉ ተሰርዟል። አዲስም አይሰጥም። ምክንያቱ ጁባ ከአሜሪካ የሚባረሩ ዜጎቿን በጊዜው አልተቀበለችም የሚል ነው።

የጠቡ መነሻ አንድ ሰው ነበር። አሜሪካ ደቡብ ሱዳናዊ ነው ብላ ላከችው። ጁባ ደግሞ ሰውየው ኮንጎአዊ ነው፣ የያዘው ሰነድ የሌላ ሰው ነው ብላ መለሰችው። ከቪዛው ስረዛ ሦስት ቀን በኋላ ግን ጁባ ተቀበለችው። ቀኑም ክፉ ነበር። ማቻር በማርች 26 በቤት ውስጥ እስር ላይ ውለዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ልትመለስ ጫፍ ላይ ናት እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። በእንደዚህ ያለ ጊዜ አንድ መንግሥት ከኃያል አገር ጋር የሚከራከርበት አቅም ብዙ አይኖረውም።

ማሉዋች ተጫወተ። ዱክ 70 ለ 67 ተሸነፈ። ዩኒቨርሲቲው ጉዳዩን እየተከታተልኩ ነው አለ። ልጁ የዚያን ቀን ተጫዋችም ነበር፣ ቪዛው የተሰረዘበት ሰውም ነበር። ከዘጠኝ ወር በፊት ለንደን ላይ ለቡድኑ ያጨበጨቡ ሰዎች ምናልባት ያንኑ ዜና አንብበው "ደቡብ ሱዳን" የሚለውን ብቻ ነው ያዩት።

ይህን ለማልቀስ አይደለም የማነሣው። የስፖርት ዝና ለአንድ አገር ሊያደርግ የሚችለው ነገር ወሰን እንዳለው በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ስም በሜዳ ይገነባል። ቪዛ የሚወሰነው ግን በቢሮ ነው። ለቢሮው ደግሞ ዜግነት ማለት መንግሥት ነው። የተቆጣው በመንግሥቱ ነው፣ የቀጣው ተማሪውን፣ ታካሚውንና ዘመድ ሊጠይቅ የሄደውን ነው። ማሉዋች በጁን 2025 በኤንቢኤ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 10ኛ ሆኖ ተመርጦ ፊኒክስ ሰንስ ገባ። ችሎታው በር ከፈተለት። ችሎታው ለማይታይለት ተራ ሰው ግን ፓስፖርቱ ያው ፓስፖርት ነው።

ከዚህ በኋላ

ከአፍሪካ ስፖርት ጋር ለሚሠራ ሰው ይህ ጉዳይ የሚያሳየው ተጨባጭ ነገር አለ። ደካማ መንግሥት ባለበት አገርም የሚሠራ ተቋም ማቆም ይቻላል። የሚያስፈልገው እምነት የሚጣልበት መሪ፣ በሰዓቱ የሚከፈል ወጪ እና የማይቀያየር ዕቅድ ነው። ደቡብ ሱዳናውያን የኮሩት በዚህ ነው፤ መኩራታቸውም ትክክል ነው።

ግን ፌዴሬሽኑ የቆመው በአንድ ሰው ስም፣ ትውውቅና ገንዘብ ላይ ነው። ይህ ያሳስበኛል። ዴንግ ሁልጊዜ አይኖርም። አይቪም ክረምቱን ሁልጊዜ አይሰጥም። አገር ውስጥ ሊግ ካልጠነከረ ቡድኑ ሁልጊዜ ውጭ ከሚያድጉ ልጆች ይለቀማል። የጁባ ሰውም የገዛ ቡድኑን በስልክና በቴሌቪዥን ብቻ ይከታተላል። ዴንግ ፌዴሬሽኑን ለሌላ ሰው አስረክቦ፣ ትኬቱ ከአንድ ሰው ኪስ ሳይሆን ከበጀት ተከፍሎ፣ ቡድኑ በሰዓቱ አውሮፕላን ሲሳፈር ካየሁ፣ ያኔ ከፓሪሱ ድል የሚበልጥ ነገር ተሠርቷል እላለሁ።